አርባ አራት ድርብ ሳሙና፦ የካትሪን ብሎጄት ሕይወትና የማይታየው መስታወት

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ረቂቅ ለአማካሪዬ ሳስገባ የመጨረሻው ገጽ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የናኖ ብር ቅንጣት የተቀባው የጥጥ ጨርቅ ተመርቶ ለገበያ ሊቀርብ እንደሚችል የምትናገር። እውነቱን ለመናገር አስቤባት የጻፍኳት አይደለችም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ከእኔ በፊት የተመረቁትን ልጆች ወረቀት ሳገላብጥ፣ ናኖ የሚል ቃል ያለበት ሁሉ መደምደሚያው ላይ ይህችው ዓረፍተ ነገር አለችበት፤ እኔም ከዚያው ቀዳሁ። አማካሪዬ ረቂቁን ሲመልሱልኝ ሌላውን እንዳለ ትተው ያቺን ብቻ በቀይ እስክሪብቶ ከበቧት፤ ጎኗ ላይም ጨርቁ ታጥቦ እንደሆነ ጠየቁ።

አልታጠበም ነበር። ማን ያጥባል? ላብራቶሪ ውስጥ ሳህኑ ላይ አስቀምጬው ባክቴሪያው በዙሪያው አልበቅል ሲል ፎቶ አነሳሁና ሥራው አለቀ ብዬ ወጣሁ። ከአማካሪዬ ጥያቄ በኋላ ግን ቅዳሜ ቀን ዶርም ወስጄ ከሌላው ልብሴ ጋር ባልዲ ውስጥ ነከርኩት። አምስት ጊዜ አጥቤ መልሼ ስሞክረው ባክቴሪያው እንደ ማንኛውም ተራ ጨርቅ ቆጥሮት እላዩ ድረስ በቀለ። ይህንን ለአማካሪዬ ስነግራቸው ሳቁና የካትሪን ብሎጄትን ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ። ያነበብኩትን ለብቻዬ ይዤ ከምቀር ለእናንተም ላካፍል ብዬ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት።

ብሎጄት የሚለውን ስም የገጽታ ኬሚስትሪ የወሰደ ሁሉ ያውቀዋል። ላንግሚዩር-ብሎጄት ፊልም እየተባለ ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታልም። ታዲያ እኔ እስከ ዘንድሮ ብሎጄት ወንድ ይመስለኝ ነበር። እኔ ራሴ ሴት ሆኜ! የክፍሌን ልጆች ብጠይቅ አብዛኞቹ እንደኔው ናቸው፤ ስለዚህ ብቻዬን አላፈርኩም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ካትሪን በር ብሎጄት የተወለደችው ጃንዋሪ 10 ቀን 1898 በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ስኬኔክተዲ ከተማ ነው። ስኬኔክተዲ ማለት ያኔ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል። አባቷ ጆርጅ ብሎጄትም የዚሁ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ኃላፊ የሆነ ጠበቃ ነበር። ካትሪን አባቷን አላየችውም። ልትወለድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ሌሊት ቤታቸው የገባ ሌባ ተኩሶ ገደለው። ኩባንያው ገዳዩን ለሚያስይዝ 5,000 ዶላር ወሮታ አውጆ ነበር፤ የተጠረጠረው ሰው ግን በታሰረበት ክፍል ራሱን ሰቅሎ ሞተ። እናቷ ሕፃኗንና ታላቅ ወንድሟን ይዛ ከከተማዋ ወጣች። ካትሪን ያደገችው ኒው ዮርክ ከተማና ፈረንሳይ አገር ነው። ባሏን በዚያ ሁኔታ ያጣች ሴት ሁለት ልጆች ይዛ ያን ያህል አገር መዞሯና ልጅቷን ማስተማሯ እኔን ይገርመኛል፤ ግን ታሪክ ጸሐፊዎቹ ስለ እናትየው ብዙም አይሉም።

ካትሪን ገና በ15 ዓመቷ ብሪን ማር የሚባለው የሴቶች ኮሌጅ በስኮላርሺፕ ገባች። እዚያ ሻርሎት አንጋስ ስኮት የምትባል የሒሳብ ፕሮፌሰርና ጄምስ ባርንስ የሚባል የፊዚክስ ፕሮፌሰር ቀረጿት። በ1917 ተመረቀች። ልትመረቅ ባለችበት ዓመት በገና እረፍት ወደ ትውልድ ከተማዋ ሄዳ አባቷ ይሠራበት የነበረውን ኩባንያ ጎበኘች። የምርምር ላብራቶሪውን ያስጎበኛት ሰው ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነበር። ላንግሚዩር የልጅቷን ችሎታ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም፤ እዚህ መሥራት ከፈለገች ግን ትምህርቷን መቀጠል እንዳለባት ነገራት። እሷም ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1918 ማስተርሷን ያዘች። ጥናቷ የጋዝ መከላከያ ጭንብል ውስጥ የሚገባው ከሰል ጋዝን እንዴት እንደሚይዝ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ መርዝ ጋዝ ሰው እየፈጀ ስለነበር ርዕሱ የወረቀት ብቻ አልነበረም። ከሰሉን እባካችሁ አትርሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ላንግሚዩር ትንሽ ካልተናገርኩ የካትሪን ታሪክ አይገባም። ላንግሚዩር ላብራቶሪው ውስጥ ሲቀጠር የኤሌክትሪክ አምፖል አንድ ችግር ነበረበት። ውስጡ ያለው የተንግስተን ክር ሲግል እየተነነ የአምፖሉን መስታወት ያጠቁረዋል። መሐንዲሶቹ ሁሉ መፍትሔው አየሩን ይበልጥ አጥርቶ ማውጣት ነው ብለው ይደክሙ ነበር። ላንግሚዩር ተቃራኒውን አደረገ፤ ጋዝ ሞላበት፣ ክሩንም ጠመዘዘው። ከ1913 ጀምሮ ጋዝ የተሞላው አምፖል ገበያ ወጣ፤ ኩባንያውም ብዙ ገንዘብ አገኘበት። የላብራቶሪው ዳይሬክተር ዊሊስ ዊትኒ ሰውየውን ለዓመታት የፈለገውን እንዲጎረጉር የተወው ለዚህ ነው፤ ጉርጎራው አንድ ቀን እንጀራ እንደሚሆን ታይቷላ። ላንግሚዩር ከዚያ በተጓዳኝ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት አንድ ሞለኪውል ብቻ እስኪሆን ድረስ እንዴት እንደሚሳሳ አጥንቶ በ1917 ጽሑፍ አወጣ። በ1932 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚሁ በገጽታ ኬሚስትሪ ነው። ልብ በሉ፣ አምፖሉ ገበያ ወጣ፤ የውሃ ላይ ዘይቱ ግን ምን እንደሚረባ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር።

ካትሪን በ1918 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ገባች። በዚያ የምርምር ላብራቶሪ በሳይንቲስትነት የተቀጠረች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ስድስት ዓመት ያህል ከላንግሚዩር ጋር በተንግስተን ክርና ባዶ ቱቦ ውስጥ በሚሄድ የኤሌክትሮን ፍሰት ላይ ስትሠራ ቆየች። በ1924 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ሄዳ በራዘርፎርድ ይመራ በነበረው የካቨንዲሽ ላብራቶሪ ገባች። እዚያ ቦታ ማግኘት ቀላል አልነበረም፤ ላንግሚዩር ደብዳቤ ባይጽፍላት ኖሮ እንጃ። በ1926 ከካምብሪጅ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ካምብሪጅ ሴቶችን ሙሉ የዩኒቨርሲቲው አባል አድርጎ ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነው ብላችሁ ስታስቡት፣ የእሷ ነገር ምን ያህል እንደነበር ይገባችኋል። ከዚያ ተመልሳ ስኬኔክተዲ ገባች፤ ጡረታ እስክትወጣም አልለቀቀችም።

አሁን ወደ ሳሙናው እንምጣ።

ሁላችንም ዶርም ውስጥ የምናውቀው ነገር ነው። ውሃው ጠንካራ የሆነ ጊዜ ሳሙና አረፋ አልይዝ ይልና ባልዲው ጠርዝ ላይ ነጭ፣ የሚያዳልጥ ዝቃጭ ይቀራል። እሱ ዝቃጭ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ከሳሙናው የሰባ አሲድ ጋር ተያይዞ የሠራው የማይሟሟ ሳሙና ነው። ካትሪን የሠራችበት ባሪየም ስቲያሬት የዚህ የዝቃጭ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ካልሲየሙ በባሪየም ቢተካ ማለት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ላንግሚዩር ያንን የአንድ ሞለኪውል ሽፋን ከውሃ ላይ ወደ መስታወት ማውጣት ይቻል እንደሆነ እንድታይ ነገሩን ለእሷ ሰጣት።

አሠራሩ ሲያዩት የወጥ ቤት ሥራ ነው የሚመስለው። ትሪ በሚመስል ዕቃ ውስጥ ትንሽ የባሪየም ጨው ያለበት ውሃ ይደረጋል። እላዩ ላይ ስቲያሪክ አሲድ ጠብ ይደረግና ይስፋፋል። በጎን በኩል ደግሞ ሌላ ዘይት ገፋ እያደረገ ሽፋኑ እንዳይላላ ይይዘዋል። ከዚያ በጣም የጸዳ መስታወት ቀስ ብሎ ቁልቁል ይነከራል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። በገባ ቁጥር አንድ ንብርብር፣ በወጣ ቁጥር አንድ ንብርብር ይያያዝበታል። የአንዱ ንብርብር ውፍረት 2.4 ናኖሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት ከአራት መቶ ሺህ በላይ ያስፈልጋል። ዋናው ቁም ነገር ግን መቅጠኑ አይደለም። ዋናው ነገር ካትሪን ስንት ጊዜ እንደነከረች ቆጥራ ውፍረቱን በትክክል ማወቅ መቻሏ ነው። እስከዚያ ድረስ በዚህ ደረጃ ቆጥሮ የገነባ ሰው አልነበረም። ሥራዋን በ1934 በአጭሩ፣ በ1935 ደግሞ በሰፊው በአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት አወጣችው። ናኖቴክኖሎጂ የምትለዋን ቃል ጃፓናዊው ኖሪዮ ታኒጉቺ የተጠቀመባት በ1974 ነው። ካትሪን አርባ ዓመት ቀድማ በእጇ ስትነክር ነበር ማለት ነው።

ንብርብሩ ሲበዛ መስታወቱ ቀለም ማውጣት ጀመረ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ መኪና የቆመበት አስፋልት ላይ ዘይት ፈሶ ቀስተ ደመና ሲሠራ ያያችሁት ዓይነት ነው። ከሽፋኑ ላይኛውና ታችኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ በውፍረቱ መጠን አንዱ ቀለም ይደምቃል፣ ሌላው ይጠፋል። ሌላ ሰው ቢሆን ያምራል ብሎ ያልፈው ይሆናል። እሷ ግን ቀለሙን መለኪያ አደረገችው። የንብርብሩ ቁጥር እንደ ደረጃ ከፍ እያለ የሚሄድ መስታወት አዘጋጀች። አንድ ሰው ውፍረቱን የማያውቀው ስስ ሽፋን ካለው ቀለሙን ከዚያ ጋር አስተያይቶ ቁጥሩን ማንበብ ይችላል። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፣ ዓይን ይበቃዋል። በዚህ የደረጃ መለኪያ በ1952 ፓተንት ተሰጥቶበታል።

ቀጥላ ደግሞ የባሰ ነገር አሰበች። የሚጠላለፈው ብርሃን ቀለም ከሚያወጣ ይልቅ ፈጽሞ ቢጠፋፋስ? ተራ መስታወት ከእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 4 ያህሉን ይመልሳል፤ ሁለቱ ገጽ ሲደመር ከመቶ 8 ይሆናል። መስኮት ላይ ፊታችንን የምናየው በዚሁ ነው። የሽፋኑ ውፍረት የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት አንድ አራተኛ ቢሆን ከላይና ከታች የሚመለሱት ሞገዶች ይጠፋፋሉ። ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ሁለቱ ሞገዶች እኩል ጉልበት እንዲኖራቸው የሽፋኑ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ የመስታወቱ ስኩዌር ሩት መሆን አለበት። መስታወት 1.5 ከሆነ ሽፋኑ 1.22 ገደማ ያስፈልገዋል። ባሪየም ስቲያሬት ግን እሱም ወደ 1.5 ነው። 1.22 የሚሆን ጠጣር ነገር ደግሞ ከየት ይመጣል?

መፍትሔዋን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተነስቼ ቁጭ ብያለሁ። ሽፋኑን ከሁለት ነገር ቀላቅላ ሠራችው፤ ከሳሙናውና ካልተለወጠው ስቲያሪክ አሲድ። ከዚያ ቤንዚን ውስጥ ነከረችው። መኪና የሚሞላውን ማለቴ አይደለም፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ የምናውቀውን ባለ ስድስት ማዕዘን ማለቴ ነው። ቤንዚኑ አሲዱን ብቻ አሟሙቶ ወሰደና ሳሙናው እንደ አፅም በቦታው ቀረ። በአፅሙ መሃል ያለው ክፍተት አየር ነው፤ አየር ሲገባበት የሽፋኑ ኢንዴክስ ወደሚፈለገው ወረደ። ይህ ግምት የእኔ ብቻ ነው፣ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም፤ ግን ቺካጎ ላይ ያጠናችው የጭንብል ከሰልም እኮ ጥቅሙ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳ ጉድለት ሳይሆን ሥራ የሚሠራ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ የለመደች ይመስለኛል።

አርባ አራት ንብርብር ሆነ። በ2.4 ናኖሜትር ስናባዛው ከ100 ናኖሜትር ትንሽ ያልፋል። ሒሳቡን ራሴ ሠርቼ በ1.25 ሳባዛው አረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ሩብ ላይ ቁጭ አለልኝ። መስታወቱ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 99 በላይ የሚያሳልፍ ሆነ። በዲሴምበር 1938 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ለጋዜጦች ይፋ አደረገው። ጋዜጦቹም የማይታየው መስታወት እያሉ ተቀባበሉት። ለሥዕል ማስቀመጫ፣ ለሱቅ መስኮት፣ ለመኪና ፊት መስታወት፣ ለካሜራና ለቴሌስኮፕ ሌንስ እንደሚሆን ተጻፈለት። ልክ እንደ እኔ የመጨረሻ ገጽ።

በሁለተኛው ቀን የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሁለት ፊዚክስ ተመራማሪዎች፣ ካርትራይትና ተርነር፣ እነሱም የማያንጸባርቅ መስታወት እንደሠሩ አሳወቁ። የእነሱ መንገድ ሌላ ነው። አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባሉ ጨዎችን በሙቀት አትንነው መስታወቱ ላይ እንደ ጤዛ እንዲያርፍ አደረጉ። ሐሳቡ የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረም ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው የሌንስ ባለሙያ ዴኒስ ቴይለር በ1890ዎቹ፣ አርጅቶ የወየበ ሌንስ ከአዲሱ ይልቅ ብርሃን እንደሚያሳልፍ አስተውሎ ነበር። በካሊፎርኒያ ጆን ስትሮንግ በ1936 በትነት የተሠራ ሽፋን አሳትሟል። በጀርመን ደግሞ የዛይስ ኩባንያው ስማኩላ በ1935 ፓተንት ቢያወጣም ሠራዊቱ ምሥጢር አድርጎ ያዘው።

የካትሪን ሽፋን በንድፍ ከሁሉም የተሻለ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ከሚፈለገው 1.22 አጠገብ የደረሰችው እሷ ናት። በትነት ከሚሠሩት ኋላ የገነነው ማግኒዥየም ፍሎራይድ 1.38 ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም አያጠፋም፣ ከእያንዳንዱ ገጽ ከመቶ 1 ከምናምን ይመለሳል። ታዲያ ማን አሸነፈ? ፍሎራይዱ። ለምን ቢባል የካትሪን ሽፋን ሳሙና ነው፣ ያውም ውስጡ የተቦረቦረ ሳሙና። በጣት ሲነኩት ይለቃል፣ በመሐረብ ሲጠርጉት ይጠፋል። አርባ አራት ጊዜ ተነክሮ የተሠራ ነገር በአንድ ጠረጋ!

እኔ መነጽር አደርጋለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ መነጽሬን አውልቄ አየሁት። ሌንሱ ላይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነጸብራቅ አለ፤ የማያንጸባርቅ ሽፋን የተቀባ መሆኑ ነው። ዕድሜ ልኬን በነጠላዬ ጫፍ፣ በሹራቤ እጅጌ፣ ባገኘሁት ሁሉ እጠርገዋለሁ። ገበያ ማለት ለካ ይህ ነው። ገዢው መመሪያ አያነብም። ሌንስ የሚጠርግ ሰው ስለ ሪፍራክቲቭ ኢንዴክስ አያስብም፤ አቧራ ነው የሚያየው። ካትሪን ላብራቶሪዋ ውስጥ ብርሃንን ድል አድርጋ በመሐረብ ተሸነፈች ማለት ነው።

ነገሩን በቁጥር ካየነው የፍሎራይዱ ድል ያሳምናል። ሃያ ገጽ የሚያህል ሌንስ ያለበት የባሕር ሰርጓጅ መርከብ መመልከቻ ይኑረን እንበል። ሽፋን ከሌለው በየገጹ ከመቶ 4 እየጠፋ ወደ ዓይን የሚደርሰው ከመቶ 44 ያህል ብቻ ነው። ፍሎራይድ ሲቀባ ወደ 77 ይወጣል። የካትሪን ሽፋን ቢሆን ከ90 በላይ በሆነ ነበር፤ ግን ባሕር ላይ፣ ጨውና እርጥበት ባለበት፣ ወታደር በሚጠርገው ነገር ላይ ማን ይቀባዋል? ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሠራዊቶቹ የፈለጉት 90ውን አይደለም፤ በማግሥቱም 77 ሆኖ የሚገኘውን ነው። በጦርነቱ ዓመታት መስታወቱን አግሎ መቀባት ሽፋኑን እንደሚያጠነክረው ታወቀና ማግኒዥየም ፍሎራይድ የሌንስ ሁሉ ልብስ ሆኖ ቀረ።

ካትሪን በዚህ ተከፍታ እንደሆነ ለማወቅ ፈልጌ ነበር። ከሕይወቷ የማየው ግን ሥራ ብቻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮችን ከጠላት ዓይን የሚሸፍን ጭስ አሠራር ላይና በአውሮፕላን ክንፍ ላይ በረዶ እንዳይጋገር በሚያደርግ ዘዴ ላይ ሠራች። ከዚያ በኋላ በመስታወት ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽፋን ሞከረች። በጠቅላላው ስምንት ፓተንት አላት፤ ከሁለቱ በስተቀር ስሟ ብቻውን ነው ያለባቸው። አባቷ የመራው ክፍል የሴት ልጁን ፓተንቶች ሲያስመዘግብ ሊያይ አልቻለም። መብቶቹ በእርግጥ የኩባንያው ናቸው፣ የተቀጣሪ ነገር እንደዚያ ነው።

ክብሩ አልቀረባትም። በ1945 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ማኅበር ሸለማት። በ1951 የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ ለሴት ኬሚስቶች የሚሰጠውን የጋርቫን ሜዳሊያ አገኘች። በዚያው ዓመት ጁን 13 ቀን ስኬኔክተዲ የካትሪን ብሎጄት ቀን ብላ አከበረችላት። አባቷ የተገደለባት ከተማ ናት እንግዲህ። ካትሪን ትልቅ ሰው ሆና ቤት የገዛችው የተወለደችበትን ቤት ከሚያሳይ ቦታ ላይ ነው። አታክልት ትኮተኩታለች፣ በከተማው የቲያትር ቡድን ትተውናለች፣ ሌሊት ኮከብ ትመለከታለች። አላገባችም። በ1963 ጡረታ ወጣች፤ ኦክቶበር 12 ቀን 1979 በቤቷ አረፈች።

የመነከሩ ዘዴ ግን ከእሷ ጋር አልሞተም። በጀርመን ሐንስ ኩን የተባለ ኬሚስት በ1960ዎቹ ሞለኪውሎችን በፈለገው ቅደም ተከተል ለመደርደር አንስቶ ተጠቀመበት። ከእሷ ሞት በኋላ ደግሞ ነገሩ እንደገና ጋለ። በሞለኪውል ኤሌክትሮኒክስ እንሠራለን የሚሉ ሁሉ ትሪ ገዝተው መንከር ጀመሩ። በ1985 ላንግሚዩር የሚባል መጽሔት ተቋቋመ፤ ብሎጄት የሚባል መጽሔት እስካሁን አላየሁም፣ በነገራችን ላይ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ገበያ ላይ የደረሰው ዕቃ ጥቂት ነው። ምክንያቱም ያው የድሮው ነው፤ ሽፋኑ ለስላሳ ነው፣ መንከሩም ጊዜ ይፈጃል።

ላቆም ስል አማካሪዬ አንድ ነገር እንዳይ ነገሩኝ። የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ፊት ላይ ያለውን መስታወት። ብዙዎቹ ላይ ከ100 ናኖሜትር ከፍ የሚል፣ በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት የሲሊካ ሽፋን ተቀብቷል። ቀዳዳው ውስጥ አየር አለ፤ አየሩ ኢንዴክሱን ያወርዳል፤ የሚያልፈው ብርሃንም ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል ይጨምራል። ይህ የካትሪን አፅም ራሱ አይደለም እንዴ? ልዩነቱ ሳሙናው በአሸዋ ዘር መተካቱ ነው። በፈሳሽ መልክ ተቀብቶ ከመስታወቱ ጋር ስለሚተኮስ ዝናብና አቧራ ችሎ ጣሪያ ላይ ዓመታት ይከርማል። ሠሪዎቹ ከእሷ ተነስተው ነው ብዬ አልምልም፤ ቀዳዳ ያለው ሽፋን በሌሎችም መንገዶች ተደርሶበታል። ሐሳቡ ግን በ1938 በመሐረብ የተጠረገው ሐሳብ ነው፤ የሚችለውን ቁስ አግኝቶ መጣ።

የእኔ ጨርቅ ጉዳይ ደግሞ ይህንን ይመስላል። ከመደምደሚያዬ ላይ ያቺን ዓረፍተ ነገር አውጥቻታለሁ። በምትኩ ያስገባሁት አንድ ሠንጠረዥ ነው፤ የአጠባ ቁጥር በግራ፣ ባክቴሪያው ያልበቀለበት ስፋት በቀኝ። የብር ቅንጣቱ ጥጡ ላይ ተደግፎ ከመቀመጥ ይልቅ ተያይዞ እንዲቀር ጨርቁን አስቀድሜ በሌላ ነገር አክሜ እየሞከርኩ ነው። የዶርሜ ልጆች ልብሳቸውን ሲያጥቡ አንድ አንድ ቁራጭ እየሰጠኋቸው አብረው ያሹልኛል፤ አንዷ ጭራሽ በድንጋይ ላይ አሽታ መለሰችልኝ፣ እሱንም መዝግቤዋለሁ። እስካሁን ስምንተኛው አጠባ ላይ ነኝ።